ከ12ኛ ክፍል በኋላ በወሎ፦ መንገዱን ከመውጫው በኩል ማየት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ይላል። ይሁንና በተሻለው ዓመት እንኳ 50 ተማሪ ካለበት ክፍል የዩኒቨርሲቲን በር በቀጥታ ያለፉት አራት ገደማ ናቸው። የቀሩት 46ቱ ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳው ውጤት ከወጣ በኋላ፣ በለቅሶና በወቀሳ መሃል ነው።

ወሎ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እስከ ወረዳ ትምህርት ቤት ብዙ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት በርካታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዛሬ ፈተና ላይ የሚቀመጠው ልጅ ዘጠነኛንና አሥረኛን በተቆራረጠ ትምህርት ያለፈ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ዝቅ ያለበትን ልጅ ሰነፍ ብሎ መፈረጅ ከእውነቱ ያርቃል። ከዚያም በላይ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ያገኘውን ሁሉ እንዲይዝ ይገፋዋል፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው።

ወላጅና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የመግቢያውን በር ነው፤ ማን ይቀበለኛል፣ ምዝገባው መቼ ነው፣ ስንት ያስከፍላል። ባለፉት ዓመታት የተለወጠው ግን መውጫው ነው። ሪሚዲያል (ማለፊያውን ያላመጡ የሚገቡበት የማካካሻ ፕሮግራም) የገባ በመጨረሻ ፈተና አለበት። ዲግሪ የሚማር የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪው አይሰጠውም። ቴክኒክና ሙያ የገባ በሲኦሲ፣ ማለትም በሙያ ብቃት ምዘና፣ ይመዘናል። ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ልጅም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ትጠየቃለች። የትኛውም መንገድ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መጨረሻ ላይ ማን ይፈትነኛል? እዚህ ተምረው ከወጡት ስንቱ አለፉ? ያለፉትስ የት ይሠራሉ?» ተብሎ ነው።

ውጤት ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ውጤቱ የሚሰላው ከ600 ነው፤ ስድስት ትምህርቶች፣ እያንዳንዳቸው ከ100። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁሉም ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንሱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨምራል። 300 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ምደባውን ይጠብቃል። ወሎ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሉ አውሊያ ላይ ደግሞ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ምደባው ግን አገር አቀፍ ስለሆነ ልጁ ከቤቱ ራቅ ወዳለ ግቢ ሊሄድ እንደሚችል ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል።

የገቡት የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት የፈለጉትን ትምህርት ማግኘት ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት የጋራ ኮርሶች ናቸው፤ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን የዓመቱ ነጥብ ትልቅ ድርሻ አለው። ግቢ በደረሱበት ወር የተዝናኑ ልጆች ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ብለው ሄደው በዓመቱ መጨረሻ ያላሰቡት ክፍል ይደርሳቸዋል። ወጪውም ቢሆን ነፃ አይደለም። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይገባል፤ ዕዳው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ከ300 በታች ሆነው ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ያሟሉት ወደ ሪሚዲያል ይገባሉ። ፕሮግራሙ በ2015 ሲጀመር የተያዘው አሠራር 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚወጣ ፈተና እንዲሰጥ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ እንዲሆን ነው። ይህ ቁጥር ለተማሪው የሚለው ነገር ግልጽ ነው፤ መምህሩ የሚሰጠው 30 ሙሉ በሙሉ ቢገኝ እንኳ አያሳልፍም፣ ከማዕከሉ ፈተና ቢያንስ 20 መምጣት አለበት። በተግባር ደግሞ ከ30ው 22 ወይም 24 ያገኘ ልጅ ከ70ው 28 ወይም 26 ያስፈልገዋል። ጊዜው የአንድ ሴሚስተር ያህል አጭር ስለሆነ ብዙዎቹ የሚወድቁት በእንግሊዝኛና በሒሳብ መሠረታቸው ነው። ስለዚህ ሪሚዲያል እንደሚገባ የገመተ ልጅ ጥሪ እስኪደርሰው ቤት ቁጭ ማለት የለበትም። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሥራት ከየትኛውም ማጠናከሪያ ይበልጣል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይና እኩልታ ያልገባው ልጅ 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ ቢያፈጥ ትርፉ ድካም ነው።

እንደገና በግል መፈተንም መብት ነው። ይህን እንዲመርጥ የምንመክረው ለጥቂቶች ነው፤ ውጤቱ ከ260 በላይ ለሆነና የወደቀበት አንድ ወይም ሁለት ትምህርት በግልጽ ለሚታወቅ። በስድስቱም ዝቅ ያለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ብቻውን አንብቦ ከመቶ 30 ወደ 50 ይዘልላል ማለት በጣም ከባድ ተስፋ ነው።

ከጳጉሜን እስከ ጥቅምት ያሉት ሳምንታት አደገኛ ናቸው። የመንግሥት ምደባ ገና አልታወቀም፣ የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ የቴክኒክና ሙያ መግቢያ ነጥብ ገና አላወጣም፣ የግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ግን በየምሰሶው ተለጥፏል። ወላጅ ልጁ ቤት እንዳይውል ብሎ በግ ሸጦ፣ ወይ ከዘመድ ተበድሮ ያስመዘግባል። በወሩ የመንግሥት ኮሌጅ ጥሪ ይወጣል፤ የከፈለው የምዝገባ ብር ግን አይመለስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት መታገሥ የማይቀበል ኮሌጅ ካለ ያ ራሱ አንድ መረጃ ነው።

የግል ኮሌጅ ዲግሪ

የመውጫ ፈተና በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ማለት የግል ኮሌጅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያው አማካይ ውስጥ ብዙ የሚያሳልፉም ምንም የማያሳልፉም አሉ። አራት ዓመት ከፍሎ ዲግሪ ሳይዙ መቅረት ግን እውነተኛ ዕድል መሆኑን ቁጥሩ ያሳያል።

ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ኮሌጁ ቢሮ ገብቶ መጠየቅ ነው። የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን የሰጠው ፈቃድ የት አለ? ፈቃዱ የተሰጠው ለዚህ የትምህርት መስክ፣ ለዚህ ካምፓስና ለዚህ መርሐ ግብር ነው ወይስ ለሌላ? አዲስ አበባ ላይ ያለ ፈቃድ ለደሴ ቅርንጫፍ አይሠራም፤ የመደበኛ ፈቃድም ለርቀት አይሆንም። ባለፈው የመውጫ ፈተና በዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተቀምጠው ስንት አለፉ? «ጥሩ ውጤት አለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም፤ ሁለት ቁጥር ነው የሚፈለገው። የተማሪው የራሱ የመግቢያ ብቃትም መጣራት አለበት። የመግቢያ ነጥብ ሳይኖረው «ግባ፣ በኋላ ይስተካከላል» ተብሎ የተመዘገበ ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ ለመውጫ ፈተና ሲቀርብ ማስረጃው ይያዝበታል። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ተነስቶ ዲግሪ ለመቀጠል የሚያስብ ደግሞ የደረጃ 4 ሲኦሲው በእጁ መኖር አለበት፤ የኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻውን አይበቃም።

የጤና ትምህርት ላይ ተጨማሪ በር አለ። በዲግሪ የተመረቀ የጤና ባለሙያ ከመውጫ ፈተናው ሌላ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ላቦራቶሪው ባዶ በሆነ፣ ለተግባር ልምምድ ከሆስፒታል ጋር በጽሑፍ ያልተስማማ ኮሌጅ ውስጥ ነርስ ወይም አዋላጅ መሆን አይቻልም። የስምምነቱን ደብዳቤ አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅን የመሰለ የመንግሥት ተቋም ሲያስታውቅ መጀመሪያ እዚያ መሞከር ይሻላል።

ቴክኒክና ሙያ፦ ሰው የሚንቀው፣ ገበያው የሚፈልገው

ወሎ ውስጥ ቴክኒክና ሙያ ገና «የወደቀ የሚገባበት» ተብሎ ይታያል። ይህ አመለካከት ብዙ ልጅ አክስሯል፤ ያለፍላጎት የገባ ልጅ ያገኘውን ሙያ ይዞ፣ ደብተር ሞልቶ፣ እጁ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ፣ ከዚያ የኮምቦልቻና የወልድያ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች፣ ከእነሱም ሌላ በየወረዳው ያሉ ኮሌጆች አሉ። የመንግሥት መደበኛ ሥልጠና ከግሉ በጣም ይረክሳል። በየትኛው ደረጃ እንደሚገባ የሚወስነው የ12ኛ ክፍል ውጤቱና ክልሉ በየዓመቱ የሚያወጣው መቁረጫ ነው።

ኮሌጁን ለመመርመር የተግባር መለማመጃ ወርክሾፑን ማየት ከሁሉ ይቀድማል። ብየዳን እንውሰድ። ለጀማሪ የተለመደው ኢ6013 የሚባለው፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ኤሌክትሮድ ነው። ማሽኑ እንደ ብረቱ ውፍረት ከ90 እስከ 130 አምፔር አካባቢ ይስተካከላል። ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሲበዛ ስስ ላሜራ ይበሳል። እጅ ሲፈጥን መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይከመራል፤ የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ ሲርቅ ደግሞ ይረጫል። እርጥበት የገባበት ኤሌክትሮድ መስመሩን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። የመጀመሪያው መስመር ቅርፊት በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ሳይጸዳ ሁለተኛው ከተደረበበት ላዩ አምሮ ውስጡ ይቦረቦራል፤ በሩ ወይም የጣሪያው ብረት የሚላቀቀው እዚያ ጋ ነው። ይህን ሁሉ መምህሩ በአንድ ሰዓት ሊያስረዳ ይችላል። እጅ የሚማረው ግን ኤሌክትሮድ በማቃጠል ነው። አንድ ኪሎ ወደ 30 ፍሬ ይሆናል። አሥር ሠልጣኝ በቀን አንድ ኪሎ ከተካፈለ ለአንዱ ሦስት ይደርሰዋል፤ ይህም በየቀኑ ከተሰጠ ነው። እንደ እኛ ግምት ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ብቻ አንድ ጀማሪ ከ200 ያላነሰ ኤሌክትሮድ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ኮሌጁን የሚጠይቀው ወላጅ «ስንት ማሽን አላችሁ?» ብሎ ማቆም የለበትም። «አንድ ሠልጣኝ በዓመት ስንት ኪሎ ኤሌክትሮድ ይደርሰዋል? ባለፈው ወር መብራት ስንት ቀን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ላይ የተቃጠለ ኤሌክትሮድ ቁራጭና የተቆረጠ ብረት ካልታየ ወርክሾፑ አይሠራም ማለት ነው።

ለልብስ ስፌት ጥያቄው የጨርቅ ሜትር ነው፤ ለምግብ ዝግጅት የጋዝና የዱቄት፤ ለኮምፒዩተር ጥገና ደግሞ ተፈትቶ የሚገጠም አሮጌ ማሽን ብዛት። አካውንቲንግና የጽሕፈት ሥራ በየኮሌጁ የበዙት ገበያው ስለጠራቸው አይደለም። ወንበርና ሰሌዳ ብቻ ስለሚጠይቁ ለኮሌጁ ርካሽ ናቸው።

ሲኦሲ ላይ የሚደርሰውን እንይ። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። መዛኙ ያሠለጠነው መምህር አይደለም፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ እንዲበራና እንዲጠፋ ማድረግ የተለመደ ልምምድ ነው። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይዘረጋል። ሠልጣኞች ከሚሠሯቸው ስህተቶች አንዱ ማብሪያ ማጥፊያውን ፌዙ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ላይ በማሰር ፈንታ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላይ ማሰር ነው። አምፖሉ እንደተፈለገው ይበራል፣ ይጠፋል፤ ልጁም የጨረሰ ይመስለዋል። ግን አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ አምፖል ሊቀይር እጁን የሰደደ ሰው ይያዛል። መዛኝ በቴስተር አንድ ጊዜ ነክቶ ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ ብሬከሩን ሳያወርዱ ሥራ መጀመር ነው፤ ይህን ያደረገ ልጅ ቀሪው ሥራው ያማረ ቢሆን እንኳ በደኅንነት ይወድቃል። ጥፋቱ የእውቀት አይደለም። አሥር ሆነው በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ ሲለማመዱ ሁለቱ ያስራሉ፣ ስምንቱ ያያሉ። በምዘናው ቀን ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይቆማል።

የትብብር ሥልጠና የሚባለው ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ነው፤ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን። ብዙ ቦታ ላይ ግን ሠልጣኙ ጋራዥ ሄዶ መኪና ያጥባል፣ ሻይ ያመላልሳል፣ ወሩ ሲያልቅ ማኅተም ይመታለታል። ባለ ጋራዡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የደንበኛ መኪና ለማያውቀው ልጅ አሳልፎ መስጠት ይፈራል። የሚሠራው መፍትሔ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ከኮሌጁ አስተባባሪ ጋር ሆኖ «በዚህ ወር ፍሬን መፍታትና መግጠም፣ በሚቀጥለው ዘይትና ፊልትሮ፣ ከዚያ ሸራ መቀየር» ብሎ በጽሑፍ መስማማት፣ ልጁም በየቀኑ የሠራውን መዝግቦ በየሳምንቱ ማስፈረም ነው። ያ መዝገብ በኋላ ሥራ ሲፈልግ ከሰርተፊኬቱ እኩል ይናገርለታል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ዕድል አለ። ሲኦሲ ኮሌጅ ለገባ ብቻ አይደለም። ደሴ ወይም ከሚሴ ካለ ብረታ ብረት ቤት፣ ከአጎቱ ጋር ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ችሎታውን አስመዝኖ የደረጃ ሰርተፊኬት ማግኘት ይችላል። ከመመዘኑ በፊት የሙያውን የብቃት መስፈርት ከኮሌጅ ወስዶ ማንበብ አለበት። የለመዱ እጆች የሚወድቁት በጽሑፉ ክፍል፣ በመለኪያ አሃድና በደኅንነት ደንብ ላይ ነው፤ መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ መበየድ የለመደ ሰው በምዘና ላይም ይረሳዋል።

የትኛው ሙያ ነው እዚህ የሚያዋጣው? ቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ ይለማል፤ ፓምፕ ሲቆም ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በቀናት ውስጥ ይጎዳል። የሞተር ጥቅለላና የፓምፕ ጥገና የሚችል ሰው በዚያ አካባቢ ሥራ አያጣም። መብራት ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ፀሐይ ኃይል የሚገጥምና የሚጠግን፣ በከተሞች ሁሉ ባጃጅ የሚጠግን ይፈለጋል። ከጦርነቱ በኋላ የሚታደሰው ሕንፃና ቤት ደግሞ የሴራሚክ ንጣፍ፣ የቧንቧና የቀለም ባለሙያ እየጠራ ነው። ላሊበላ ላይ የሆቴልና የአስጎብኚነት ሙያ ትልቅ እንጀራ ነበር። ጎብኚ ሲቀር ግን ወዲያው እንደሚደርቅ ባለፉት ዓመታት ታይቷል፤ እሱን የሚመርጥ ልጅ ሌላ ሙያ አብሮ መያዝ አለበት።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ የወሎ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ ለረጅም ዘመን አብረዋት የኖሩ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ 75 ሔክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። ጦርነቱና ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል መታገዷ ያንን ተስፋ ጎድተውታል፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ አሜሪካ የሚልክ ፋብሪካ ገበያው ሲጠብበት መጀመሪያ የሚቀንሰው የስፌት ሠራተኛ ነው።

ፋብሪካ ለመግባት ያሰበች ልጅ ሁለት ነገር ታስላ። በኢትዮጵያ ለግል ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ ስለዚህ የሚሰጠውን መነሻ ደመወዝ ከቤት ኪራይ፣ ከእህልና ከትራንስፖርት ጋር አስቀድሞ መደመርና መቀነስ ግድ ነው። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ካልተከራዩ መነሻው ብዙ ጊዜ አያኖርም። ሁለተኛ፣ በስፌት ማሽን ላይ ለዘላለም መቀመጥ ዕቅድ አይደለም። ከኦፕሬተርነት ወደ ጥራት ቁጥጥር፣ ወደ መስመር ተቆጣጣሪነት መውጣት ይቻላል። ከሁሉ የሚፈለገው ግን የስፌት ማሽን መካኒክ ነው፤ አንድ ኦቨርሎክ ሲቆም መላው መስመር ስለሚቆም ፋብሪካው ለዚያ ሰው የተሻለ ይከፍላል። ይህን ሙያ ሴት ልጅ ብትይዘው ምንም የሚያግዳት ነገር የለም፤ አሁንም ድረስ ለወንድ ብቻ መተዉ ትልቅ ኪሳራ ነው። ስትቀጠር የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ፣ መደበኛው ሥራም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት እንደሆነ ትወቅ።

ግብርናም አለ። የኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ካምፓስ የእንስሳት ጤና፣ የሰብልና የመስኖ ባለሙያ ያፈራሉ። መንግሥት ይቀጥረኛል ብሎ ብቻ ለሚገባ ጠባብ ነው። በግ ለሚያደልብ፣ ዶሮ ለሚያረባ፣ ችግኝ አፍልቶ ለሚሸጥ ግን ከየትኛውም ይቀርባል።

የኮምፒዩተር ነገር ላይ አጭር ቃል እንበል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያለው ልጅ ሁሉ ቢጀምረው እንመክራለን። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ግን ሥራ አያስገኝም፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው ሠርተህ የጨረስከው ነገር የት አለ ብሎ ነው።

ዓረብ አገር

ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከቃሉና ከወረባቦ ወጣት ወደ ሳውዲ መሄዱን ዝም ብሎ ማለፍ ስለ ወሎ ወጣት አለመጻፍ ነው። በቦሳሶና በየመን በኩል የሚወሰደው መንገድ ሰው በልቷል፤ የታገተ ልጅ ለማስለቀቅ መሬቱን ያከራየ፣ በሬውን የሸጠ ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። ለደላላ የሚከፈለውን ብርና ለማስለቀቂያ የሚላከውን ደምሮ ያየ ሰው በዚያ ገንዘብ ምን ያህል ዓመት መሠልጠን፣ ምን ዓይነት ማሽን መግዛት ይቻል እንደነበር ያያል።

ለመሄድ የወሰነ የሕጉን መንገድ ይያዝ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 18 ዓመት ያልሞላው እንዳይሄድ ይከለክላል፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ቲኬት ወጪም የአሠሪው ነው። ቪዛ ተገዛልሽ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው የሚያጭበረብር መሆኑን ለማወቅ ይህ ብቻ ይበቃል። የቤት አያያዝ ሥልጠናውን ለፊርማ ብለው ሳይማሩ የሚያልፉት ልጆች እዚያ ሲደርሱ የልብስ ማጠቢያውን፣ የጽዳት ኬሚካሉን፣ ቋንቋውን ባለማወቅ ይሰቃያሉ። በረኪናና አሲድ ያለው የመጸዳጃ ማጽጃ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ እንደሚጎዳ ሥልጠናው ላይ ካልተነገራት መታጠቢያ ቤት በር ዘግታ ስታጸዳ ነው የምታውቀው። ሥልጠናው ሲሰጥ ሙሉ ቀኑን መገኘትና ቢያንስ መቶ ያህል የዓረብኛ ቃላትን ለሥራ በሚሆን መልኩ መያዝ ዋጋው ብዙ ነው። ወንዱም ቢሆን ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ በደረጃ ይዞ የሄደና በእጁ ምንም ሳይዝ የሄደ እኩል ደመወዝ አያገኙም።

ማስረጃ

በማንኛውም መንገድ ለሚሄድ ልጅ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ትንሽ የሚመስለው የስም ጉዳይ ነው። መሐመድ፣ ሰዒድ፣ ፋጡማ፣ ዘውድነሽ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው በተለያየ መንገድ ይወጣሉ። የስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ አንድ ዓይነት፣ የ12ኛው ላይ ሌላ፣ ፋይዳው ላይ ሦስተኛ፣ ሲኦሲው ላይ አራተኛ ሆኖ የመጣ ልጅ ማስረጃው ሲጣራ «ይህ ሰው አንተ መሆንህን አረጋግጥ» ይባላል፤ ለዚያ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ወረዳውና ወደ ፍርድ ቤት መመላለስ አለ። አያት ስምም እንዲሁ ይቀያየራል፤ አንዱ ቦታ ላይ የአባት አባት፣ ሌላው ቦታ ላይ የማደጎ ወይም የመጠሪያ ስም ይገባል።

ስለዚህ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እያለ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የፋይዳ ምዝገባውን አንድ ላይ አድርጎ ይይ። ልዩነት ካለ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከመመዝገቡ በፊት ያስተካክል፤ የፈተና ምዝገባው ላይ የገባው ስም ሰርተፊኬቱ ላይ ስለሚወርድ ከዚያ በኋላ ማረም ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ በሚሞላው ቅጽ ሁሉ ላይ፣ ኮሌጅም ሲመዘገብ፣ ሲኦሲም ሲመዘን፣ ፓስፖርትም ሲያወጣ፣ ያንኑ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይገልብጥ። ዋናውን ማስረጃ ለማንም፣ ለኮሌጅም ለኤጀንሲም፣ ትቶ አይውጣ፤ አሳይቶ ኮፒውን ይስጥ። በ2014 ቤታቸው ሲዘረፍ ካርዳቸው የጠፋባቸው ምትክ ከትምህርት ቤቱ መጠየቅ ይችላሉ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ አብሮ ከጠፋ ደግሞ የፈተና ውጤቱ በማዕከል ስላለ የመለያ ቁጥሩን ወይም የተፈተነበትን ዓመትና ትምህርት ቤት ይዞ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይጀምር፤ ይህም ምደባ ከመምጣቱ በፊት፣ ክረምት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።